ስለ በርበሪን ጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ወደዚህ አምድ ከሚመጡት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ቢጫ ዱቄት ናቸው። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለእሱ ሰጠሁት።

ለማያውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ባርበሪ የሚባል እሾሃማ ቁጥቋጦ አለ። በአውሮፓ፣ በኢራን፣ በሂማላያ ተራሮች ይበቅላል። ከዘመዶቹ አንዱ በእኛም ደጋ አለ። ሥሩን ሲሰነጥቁት ውስጡ ደማቅ ቢጫ ነው። ቢጫ ያደረገው በርበሪን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ዛሬ በካፕሱል ታሽጎ ለስኳር፣ ለኮሌስትሮል፣ ለውፍረት እየተባለ የሚቸበቸበው እሱ ነው። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ከፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ነው የምውለው። ጠርሙሱ ከፊት ለፊቴ መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል፤ ማን እንደሚያነሳው አያለሁ። የእኛ ሰዎችም ያነሱታል፣ ግማሹም ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ወደ አገር ቤት ይሄዳል።

ዕፅ ጠል ነሽ እንዳትሉኝ። በዳማከሴና በጤና አዳም ያደግሁ ልጅ ነኝ። በርበሪንንም የምፈራው ስለማይሠራ አይደለም። ስለሚሠራ ነው።

«ጾሙ ነው ትላለች»

*ጤና ይስጥልኝ። እናቴ አዲስ አበባ ናት፤ ዕድሜዋ 67 ነው። ስኳር ስላለባት ሜትፎርሚን እና ዳኦኒል ትወስዳለች። ዘመድ ሲሄድ በርበሪን ላክሁላት። ካፕሱል መዋጥ ስለማይሆንላት እየከፈተች በሻይ ትበጠብጠዋለች። በሁዳዴ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች። ጎረቤት ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጥታት ተሻላት። እሷ «ጾሙ ነው» ትላለች። እኔ ግን የላክሁት ነገር ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። — ሜ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ*

ሜዬ፣ እንደምገምተው ጾሙም አለበት፣ ዳኦኒሉም አለበት፣ የላክሽላትም አለበት። ሦስቱ ባንድ ቀን ተገጣጠሙባት።

ከዳኦኒል እንጀምር። ትክክለኛ ስሙ ግሊቤንክላማይድ ነው። ይህ መድኃኒት ቆሽትን «ኢንሱሊን አውጪ» ይላታል። እህል ተበላ አልተበላ አይጠይቅም። እናትሽ ጠዋት ኪኒኗን ውጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ካልቀመሰች ኢንሱሊኑ ይወጣል፣ የሚሠራበት ስኳር ግን የለም። ብቻውን እንኳ ለጾመኛ አደገኛ ነው። ሜትፎርሚን በዚህ በኩል የዋህ ነው፤ ለብቻው ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚጥለው ከስንት አንዴ ነው።

አሁን በርበሪን ይጨመር። እሱ ራሱ ስኳር ያወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ የቻይና ጥናት ነበር። ስኳር እንዳለባቸው ገና የታወቀ 36 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹ በርበሪን፣ ግማሹ ሜትፎርሚን ወሰዱ፤ ሁለቱም በቀን ሦስት ጊዜ 500 ሚሊግራም። ከሦስት ወር በኋላ በርበሪን የወሰዱት የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው (ኤ1ሲ የሚባለው የደም ምርመራ) ከ9.5 በመቶ ወደ 7.5 ወርዶ ተገኘ። ከሜትፎርሚን ጋር ተቀራራቢ ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ አንድ እግሩ ላይ የቆመ ማስረጃ ነው እላለሁ። ግን ውጤቱ የቀልድ አይደለም። አንቺ ለእናትሽ «ቫይታሚን» የላክሽላት መስሎሻል። የላክሽው ሦስተኛ የስኳር መድኃኒት ነው።

በዚህ አያበቃም። የምንውጣቸው መድኃኒቶች ብዙዎቹ ጉበት ውስጥ ተሰባብረው ነው የሚወገዱት። ጉበትን እንደ ኬላ ቁጠሪው፤ መኪናው ሁሉ እዚያ ቆሞ ተፈትሾ ነው የሚያልፈው። በርበሪን ኬላው ላይ ሲቆም ሌሎቹ ከኋላው ይሰለፋሉ። ጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ለሁለት ሳምንት ሲወሰድ ሦስት ዋና ዋና የጉበት ኢንዛይሞችን እንደሚያዳክም ታይቷል። ዳኦኒል ከሚያልፍባቸው መንገዶች ሁለቱ እዚያ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ዳኦኒሉ ደም ውስጥ ከሚገባው በላይ ሊቆይ ይችላል። ይህን ሁሉ የእናትሽ ሐኪም አያውቅም። ካርዷ ላይ የተጻፈው ሁለት መድኃኒት ብቻ ነዋ!

ምን ይደረግ? በርበሪኑን ዛሬውኑ ታቁም። ዳኦኒሉን ግን አንቺ ከሲልቨር ስፕሪንግ በስልክ አታስቁሚያት፤ እሱ የሐኪሟ ሥራ ነው። ጠርሙሱን ይዛ ሄዳ ታሳየው። ስትለካ ከ70 በታች ካገኘችው፣ ወይም መለኪያ አጠገቧ ሳይኖር ላቡና መንቀጥቀጡ ከመጣ፣ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣ ትጠጣ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ትለካ። ካልተስተካከለ ትድገም፣ ከዚያ እህል ትቅመስ። ዳኦኒል ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፤ የዚያን ዕለት ብቻዋን ባትሆን ጥሩ ነው፣ ሐኪምም ይያት። ራሷን ከሳተች አፏ ውስጥ ምንም አይጨመር፤ በቀጥታ ሐኪም ቤት።

ስለ ጾሙ እኔ ፈራጅ አይደለሁም። ግን የነፍስ አባቷን ታማክር። ለታመመ ሰው ማቃለል ለእነሱ አዲስ ነገር አይደለም። ሐኪሟም ከሁዳዴ በፊት ቢያውቅ ሰዓቱን ወይም መድኃኒቱን ሊለውጥላት ይችላል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ማንኪያው ቢጫ ሆኖ አልለቅ አላላትም? ይህ ሥር በድሮ ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ሱፍና ቆዳ ይቀለምበት ነበር። ካፕሱሉ ሲከፈት ጣት ላይ የሚቀረው ቢጫ በሳሙና በቀላሉ አይለቅም። መራራነቱማ! በሻይ የጠጣችው የልጄ ስጦታ ነው ብላ እንጂ ወዳ አይመስለኝም።

«የተፈጥሮ ኦዜምፒክ» ነው ወይ?

*እህቴ፣ የአራት ወር ልጅ አለኝ፤ ጡት ነው የማጠባው። በወሊድ የመጣብኝ ኪሎ አልወርድ አለ። ቲክቶክ ላይ በርበሪን «የተፈጥሮ ኦዜምፒክ» ነው ይላሉ። ጓደኛዬ ጀምራዋለች። እኔስ? — ከዱባይ*

አንቺ አትጀምሪ። ምክንያቱ ልጅሽ ነው።

በርበሪን ወደ እናት ጡት ወተት ሊያልፍ ይችላል። ሕፃን ላይ የሚፈራው ደግሞ ቢሊሩቢን የሚባለው ቢጫ ነገር ነው። ቢሊሩቢን ደም ውስጥ የሚጓዘው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ነው። በርበሪን ከዚያ ላይ ያላቅቀዋል። የተላቀቀው ቢሊሩቢን የጨቅላ አንጎል ውስጥ ከገባ የማይመለስ ጉዳት ያደርሳል። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1978 በርበሪንን የከለከለችው በአራስ ልጆች ቢጫነት የተነሳ ነው። እገዳው የላላው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የአራት ወር ልጅ ከአራስ ይሻላል፣ እውነት ነው። ግን ለኪሎ ብለሽ የምትሞክሪው ነገር አይደለም። እርጉዝ ሴትም አትውሰደው፤ ማሕፀን ሊያነሳሳ ይችላል ተብሎ ይፈራል።

ስለ ኦዜምፒኩ፦ ስሙን ያወጣለት ገበያው ነው። ኦዜምፒክ በመርፌ የሚሰጥ የስኳር መድኃኒት ነው፤ ክብደትም ይቀንሳል። ኦዜምፒክ ውስጥ ያለው ሴማግሉታይድ እንደ አንድ የአንጀት ሆርሞን ሆኖ ነው የሚሠራው። ረሃብን ይዘጋል፣ ጨጓራ ቶሎ እንዳይፈስ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ትልቅ ጥናት ለውፍረት በሚሰጠው መጠን ሰዎች በ68 ሳምንት በአማካይ 15 በመቶ ያህል ክብደት ቀንሰዋል። 100 ኪሎ የነበረ 85 ገባ ማለት ነው። በበርበሪን ጥናቶች የሚታየው ጥቂት ኪሎ ነው፣ ቀነሰ ከተባለም። በዚያ ላይ ሆድ ድርቀት፣ ተቅማጥ፣ ቁርጠት ያመጣል። እንደ እውነቱ ከሆነ አንዳንዱ ሰው የከሳው ሆዱ ተበላሽቶ መብላት አቅቶት ይመስለኛል።

ጓደኛሽ ጡት ካላጠባች፣ ካላረገዘች፣ ሌላ መድኃኒት ከሌላት አልጮህባትም። ብሯን ግን ታስብበት።

ቢጫ ሥር ለወፍ በሽታ

*ሰላም ዶክተር። ወንድሜን የወፍ በሽታ ይዞት ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። አንድ አዋቂ ከደጋ የመጣ ቢጫ ሥር ቀቅለው እያጠጡት ነው። እሾሁ ሦስት ሦስት እየሆነ የሚወጣ ቁጥቋጦ ነው አሉን። ሌሎችም በእሱ ድነዋል ይላሉ። ይቀጥል? — ከአርሲ*

ወንድሜ፣ ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። ሥሩን ሳላይ በደብዳቤ ስሙን ልነግርህ አልችልም። ሥራቸው ቢጫ የሆነ ዕፅዋት ብዙ ናቸው። ሦስት ሦስት እሾሁና ቢጫ ሥሩ ባርበሪን ያስጠረጥረኛል። በርበሪስ ሆልስቲ የሚባለው ዓይነት በምሥራቅ አፍሪካ ከፍታዎች፣ በእኛም ደጋ ይበቅላል።

ለቢጫ በሽታ ቢጫ ሥር የሚለው ሐሳብ የእኛ ብቻ አይደለም። የድሮ የአውሮፓ መድኃኒተኞችም ባርበሪን ለዚሁ በሽታ ይሰጡ ነበር፤ መልኩ መልኩን ያድናል ብለው። አንተ የምትጨነቀው ግን በሌላ ነገር መሆን አለበት።

የወፍ በሽታ የምንለው ምልክት ነው። ከበስተጀርባው ሄፓታይተስ ኤ ሊሆን ይችላል፣ ሄፓታይተስ ኢ ሊሆን ይችላል፣ ቢ ሊሆን ይችላል። የሐሞት ጠጠር ሊሆን ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጉበት ጎድቶ ሊሆን ይችላል። ወባም ዓይን ቢጫ ያደርጋል። በቆሸሸ ውሃና ምግብ የሚመጣው ሄፓታይተስ ኤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ለቆ ይሄዳል። ጠላ ብትሰጠው ይለቃል፣ ባትሰጠውም ይለቃል። (ጠላ አትስጠው!) ስለዚህ «በሥሩ የዳኑት» ሰዎች አሉ፤ ሳይጠጡትም ይድኑ ነበር። ሄፓታይተስ ቢ ወይም የሐሞት ጠጠር የያዘው ሰው ግን ሥሩን እየጠጣ ጊዜው ይሄዳል።

ደግሞ ጉበቱ ለታመመ ሰው መጠኑ ያልታወቀ መራራ ውሃ ማጠጣት አልወድም። አንዱ ሥር ቀጭን ነው፣ ሌላው ወፍራም። አንዱ አዋቂ ለግማሽ ሰዓት ይቀቅላል፣ ሌላው አሳድሮ። ካፕሱል ላይ ቢያንስ ቁጥር ተጽፏል፤ እዚህ ቁጥርም የለም።

ስለዚህ አቁሙትና ጤና ጣቢያ ውሰደው። የቢሊሩቢን እና የሄፓታይተስ ምርመራ ይጠይቅ፤ ወባም ይታይ። ሥሩን መጠጣቱን አትደብቅ። «ይቆጡናል» ብለህ ብትደብቅ ሐኪሙ የሚፈልገው ሌላ ነገር ይሆናል። ዓይነ ምድሩ ነጥቶ ሽንቱ ከጠቆረ፣ ትኩሳትና የቀኝ ጎን ሕመም ካለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቀባጠረ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ቀን አትቁጠር። ቤት ውስጥ ዓይኑ ቢጫ የሆነ አራስ ካለም ከዚህ ውሃ አንድ ጠብታ እንዳይቀምስ። ለምን እንደሆነ ከላይ ለዱባይዋ እህት ጽፌዋለሁ።

ይህ ሥር በርበሪን ያለበት ከሆነ አንድ እውነተኛ ሙያ አለው። ከበርበሪኑ ከአፍ ወደ ደም የሚገባው ከመቶ አንድ እጁ እንኳ አይሞላም፤ አብዛኛው አንጀት ውስጥ ይቀራል። እዚያ ባክቴሪያ ይዋጋል። ቻይና ውስጥ ለተቅማጥ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠው ለዚህ ነው።

ስንዴ ከዘራህ ደግሞ ይህችን ስማ። የስንዴን ግንድ የሚያጠቃው ዋግ ባርበሪ ላይ ይራባል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምረው በየእርሻው ዳር የነበረውን ባርበሪ በዘመቻ የነቀሉት በዚህ ምክንያት ነው። እርሻህ ዳር ካየኸው ለግብርና ባለሙያው ንገረው።

«እስታቲን ጭኔን አቃጠለኝ»

*የተከበርሽ ባለሙያ፣ 61 ዓመቴ ነው። ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲን፣ ለደም ግፊት ሎሳርታን እወስዳለሁ። ጭኔን ያመኝ ስለነበር ልጆቼ በርበሪን ገዙልኝ። አሁን ሁለቱንም እወስዳለሁ። ሕመሙ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። እስታቲኑን ጥዬ በበርበሪን ብቀጥልስ? — ከሎስ አንጀለስ*

ጋሼ፣ «ባሰብኝ» ያሉት ነገር ላይ ልቁም። አቶርቫስታቲን የሚያልፈው ቅድም ባልኩት የጉበት ኬላ ነው። በርበሪን መንገዱን ሲያጣብበው እስታቲኑ ደም ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። የተጠራቀመ እስታቲን ጡንቻ ያማል። ለጭንዎ መፍትሔ ብለው የጨመሩት ነገር ጭንዎን ያባሰው ሊሆን ይችላል። ሎሳርታንም በዚያው መንገድ ነው ወደሚሠራው ቅርጹ የሚለወጠው፤ ግፊትዎን ሰሞኑን ይለኩት። ሽንትዎ እንደ ሻይ ከጠቆረ ወይም ጡንቻዎ ከደከመ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

በርበሪን ኮሌስትሮል ያወርዳል ወይ? ያወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የቻይና ጥናት መጥፎው ኮሌስትሮል በሦስት ወር ሩብ ያህል እንደወረደ አሳይቷል። የሚሠራበት መንገድም ከእስታቲን የተለየ ነው። ግን የሚያሳስበን ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እና ስትሮክ እንጂ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ብቻ አይደለም። እስታቲኖች በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ተፈትነው ሃርት አታክንም ስትሮክንም እንደሚቀንሱ ተረጋግጧል። በርበሪን ያንን ገና አላሳየም። እኔ አባቴ ቢሆኑ እስታቲኑን አላስጥላቸውም።

በርበሪኑን ያቁሙ፣ ለሐኪምዎ ይደውሉ፣ ስለ ጭንዎ ይንገሩት። የጡንቻ የደም ምርመራ አለ። መጠኑን መቀነስ አለ። ወደ ሌላ እስታቲን መቀየር አለ። እስታቲን ያልሆነ የኮሌስትሮል መድኃኒትም አለ። ምርጫው አልተዘጋብዎትም።

ለልጆችዎም አንድ ነገር ይንገሩልኝ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ሰፕልመንት ሳይመረመር መደርደሪያ ላይ ይወጣል። የበርበሪን ጠርሙሶች ላብራቶሪ ገብተው ሲመረመሩ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የጻፉትን መጠን አልያዙም ነበር። መግዛታቸው ካልቀረ የዩኤስፒ ወይም የኤንኤስኤፍ ማኅተም ያለበትን ይፈልጉ። ማኅተሙ «ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የተጻፈው ነው» ይላል፤ ለእርስዎ ይስማማል አይልም።

ኩላሊት የተተከለለት ወንድሜ

*ከአትላንታ ነው የምጽፈው። ወንድሜ ኩላሊት ከተተከለለት ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሳይክሎስፖሪን ይወስዳል። ስኳሩ ትንሽ ከፍ ስላለ በርበሪን ልንጀምርለት ነው።*

አትጀምሩ። ሳይክሎስፖሪን ሰውነቱ የተተከለውን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚሰጠው መድኃኒት ነው። በርበሪን እሱን ደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል፤ ይህ ኩላሊት በተተከለላቸው ሰዎች ላይ በቀጥታ ታይቷል። ከፍ ያለ ሳይክሎስፖሪን ደግሞ የተተከለውን ኩላሊት ራሱን ይጎዳል። ስኳሩን ለንቅለ ተከላ ሐኪሙ ይንገር። የልብ ቫልቭ ተቀይሮላችሁ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን መድኃኒት) የምትወስዱም ይህንን ለእናንተ እንደተጻፈ አንብቡት።

ቀይዋ ፍሬ

*የኢራን ሱቅ ውስጥ ዘረሽክ የሚባል የደረቀ ቀይ ፍሬ አየሁ፤ ባርበሪ ነው አሉኝ። ከላይ የምትይው ሁሉ ይመለከተዋል? — ከስቶክሆልም*

ስለ ሌሎቹ ደብዳቤዎች የሰማሽ ትመስያለሽ! እሱ ምግብ ነው፣ ብዪው። በርበሪኑ የሚበዛው ሥሩና ቅርፊቱ ላይ ነው፤ የበሰለ ፍሬው ላይ በጣም ትንሽ ነው። ኢራን ውስጥ ከደቡብ ኮራሳን አካባቢ ነው በብዛት የሚመጣው፤ ከዶሮና ከሩዝ ጋር ይሠሩታል።

ስትገዢ ደማቅ ቀዩን ምረጪ፤ ወደ ቡኒ የሄደው ከርሟል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትንሽ ዘፍዝፊው፣ አሸዋው ወደ ታች ይወርዳል፣ ከላይ ከላይ አውጪው። እንጨቱን ልቀሚ። ከዚያ በቅቤ፣ በጾም ከሆነ በዘይት፣ ቆንጠር አድርገሽ ስኳር ጨምረሽበት በለስላሳ እሳት አንድ ሁለት ደቂቃ ብቻ አዟዙሪው። ዓይንሽን ካነሳሽ ይከስላል። የተረፈውን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪው፤ ቀለሙን ይዞ ይቆያል።